የቆሎ ተማሪ ኑሮና የአዋሽ ደብራችን ኢዮቤልዩ



የሰበካው ሽማግሎች ለዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ አንድ ነገር እጽፍ ዘንድ ባዘዙኝ ጊዜ፥ ስለ ሕንጻውና ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ ሌሎች ወንድሞች እንደሚጽፉ ዐወቅሁ። ስለዚህ እኔ፥ በዚህ መቅደስ የቀደሱት፥ በዚህ ቅኔ ማሕሌት የቆሙትና በዚህ ዐውደ ምሕረት ያስተማሩት አባቶች ከየት እንደ መጡ፥ ልጅነታቸውንም በምን ዐይነት ቤት እንዳሳለፉ እናገር ዘንድ መረጥሁ። ብዙዎቻችሁ መሪጌታውን በበዓል ቀን ካባ ለብሶ፥ መቋሚያ ይዞ ታዩታላችሁ፤ በልጅነቱ ግን ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ ከውሻ ጋራ ሲታገል አላያችሁትም። ያንን ያላየ ሰው፥ ይህች ደብር 50 ዓመት ሙሉ በማን እንጀራ እንደ ኖረች አያውቅም።

ደብራችን ስለ ቆመችበት ሥፍራ

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በረሓውን አቋርጦ፥ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ በሚቆምበት ሥፍራ የሐዲዱ ሠራተኛ፥ ነጋዴውና ወታደሩ ሰፈሩ፤ መንደሩም ከተማ ሆነ። ወደ ታች ለሚወርድ መንገደኛ ከዚህ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሰመራ ትገኛለች፤ እርሷ በሎግያ አጠገብ በቅርብ ዘመን የተቈረቈረች፥ ከአሳይታ ቀጥላ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች ናት። በሁለቱ መካከል ያለው አገር የአፋር ወገኖቻችን የግመልና የከብት ማሰማሪያ ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ አብዛኞቻችን ባቡሩን፥ የጥጡን እርሻ፥ የመኪናውን መንገድ ወይም የመንግሥትን ሥራ ተከትለን የመጣን ነን፤ የአገሩ ባለቤቶችም በውሃቸውና በጥላቸው ተቀበሉን።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሥፍራ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ካህኑ ከየት ይመጣል? ስመ ጥሩው የትምህርት ምንጭ ያለው በደጋ ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፤ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር፤ ቅኔ የሚሻ ወደ ጎንጅ፥ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ። ከነዚህ አንዱ ስንኳ በአዋሽ ሸለቆ አይደለም። ወንዛችን ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ተነሥቶ፥ ቆላውን እያጠጣ ወርዶ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚያርፍ፥ ትምህርታችንም እንዲሁ ከደጋ ወርዶ አጠጣን። እኔም ከቅኔ ቤት ወጥቼ በጕልማሳነቴ በአሮጌው ባቡር ወደዚህ ስወርድ፥ የያዝሁት ከደጋ የቀዳሁትን ብቻ ነበር።

ስለ ጎጆውና ስለ ደጁ

የደጋው የቅኔ ጉባኤ ቤት፥ በከተማ እንደምናየው አዳሪ ትምህርት ቤት ግንብና የመኝታ አዳራሽ ያለው አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ወይም በየኔታ አጥር አጠገብ ትንንሽ የሣር ጎጆዎች ይሠራሉ፤ ሠሪዎቹም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አዲስ የመጣ ልጅ ከግስ አስቀድሞ እንጨት መማገርን፥ ጭቃ ማቡካትንና ሣር መክደንን ይማራል። በአንዲት ጎጆ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ያድራሉ፤ መደባቸው ጭቃ፥ ምንጣፋቸው ሣር ነው። የበግ ለምድ የሆነው ደበሎ ቀን ልብስ፥ ሌሊት መኝታ፥ በዝናም ጊዜም መጠለያ ይሆናል። ልጁ ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ ጠፍቶ በሌሊት የመጣ ነው፤ ተሰናብቶ ቢወጣ አባቱ ለእርሻው፥ እናቱም ለናፍቆቷ ያስቀሩታልና።

ከትምህርቱ ሲለቀቅ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ይዞ ወደ መንደር ይወጣል። ከአጥር ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። አስቀድሞ የሚቀበለው ውሻ ነው፤ ከውሻው በኋላ የቤቲቱ እመቤት ትወጣለች። ቍራሽ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ያላት ትሰጠዋለች፤ የሌላት ወይም ያልፈቀደችው «እግዜር ይስጥህ» ትለዋለች። ተማሪው የኔታ ያላስተማሩትን የመጀመሪያውን ሰምና ወርቅ የሚማረው በዚያ ደጅ ነው። የዚያ ቃል ሰሙ ምርቃት ነው፤ ወርቁ ግን «እኔ የለኝምና እለፍ» ማለት ነው። ልጁም ሰሙን ተቀብሎ፥ ወርቁን ተረድቶ፥ ሳይቈጣ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። እኔ ከጉባኤ ቃና በፊት ይህን ቅኔ ፈትቻለሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር እንደ ውርደት አትቍጠረው። በወሎ የእስላም ወገኖቻችን ልጆች ደረሳ ተብለው ከመምህር ወደ መምህር ሲዘዋወሩ የሚያበላቸው የአገሩ ሰው ነው። በአውሮፓም በቀደመው ዘመን ድኻ ተማሪዎች በየደጁ እየዘመሩ እንጀራ ይለምኑ ነበር። ከየኔታ ዕውቀት ቀጥሎ የኛን ትምህርት ቤት ያቆመው የባላገር ሴት እጅ ነው። እርሷ አንዲት የግዕዝ ቃል ሳታውቅ የቅኔ መምህራንን ስትመግብ ኖረች፤ ስሟም በአንድ መጽሐፍ ስንኳ አልተጻፈም።

ስለ ቅኔ ቤት ቀንና ሌሊት

የቅኔ ተማሪ ቀኑን የሚያሳልፈው ብቻውን ነው። በጥሻ ውስጥ ወይም በዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቈጥራል። ጀማሪው ባለ 2 ቤት የሆነውን ጉባኤ ቃና ለመግጠም ይጨነቃል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ሚ በዝኁ፥ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ባለ 8 ቤት ወደ ሆነው ወደ መወድስ ይደርሳል። ወደ ማታ የቈጠረውን ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ቃሉ ቢሰበር ይታረማል፤ ምሥጢሩ ባዶ ቢሆን ጓደኞቹ ይሥቁበታል። ሌሊት ደግሞ በእሳት ዙሪያ ግስ ይወርዳል፥ አገባብ ይነገራል። ብራና የሌለው ልጅ ሁሉን የሚጽፈው በልቡ ነው።

ተማሪ በአንድ መምህር ብቻ አይጸናም። የአንዱ አገባብ፥ የሌላው ዘረፋ እንዴት እንደ ሆነ የሚሰማው በመንገድ ከሚያገኘው ተማሪ ነው። የአፋር ወገኖቻችን ዳጉ የሚሉት ሥርዐት አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ወደዚህ አገር መጥቼ ይህን ባየሁ ጊዜ የቆሎ ተማሪው መንገድ ትዝ አለኝ። እኛም በመንታ መንገድ ላይ ተቀምጠን፥ የትኛው መምህር በሕይወት እንዳለ፥ የትኛው አገር ረኃብ እንደ ገባው፥ በየትኛው መንደር ውሻው ክፉ እንደ ሆነ እንነጋገር ነበር። ሐሰት የተናገረ ልጅ ባልንጀራውን በረኃብ ወዳለበት አገር ይልከዋልና፥ ሐሰት መናገር በኛ ዘንድ እንደ ነፍስ ግዳይ ይቈጠር ነበር።

ከጉባኤ ውጭ ስለሚሠራው

ዘመናዊው አዳሪ ትምህርት ቤት የትምህርትን ሰዓትና የጨዋታን ሰዓት በደወል ይለያል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትና እርሱን የተከተሉት ሁሉ በዚህ ሥርዐት ብዙ የታወቁ ሰዎችን አፍርተዋል። በጎጆው ቤት ግን እንዲህ ያለ ደወል የለም። ተማሪው ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል፥ እርሻቸውን ያርማል። ጥላሸት ሰብስቦ ቀለም ይበጠብጣል፥ ከመቃ ብርዕ ይቀርጻል፤ እጁ የቀና ልጅ ቆብ ሰፍቶ ወይም መጽሐፍ ገልብጦ ለዳዊት መግዣ ያጠራቅማል። በልደት ሰሞን ከመንደሩ ጐበዛዝት ጋራ ገና ይጫወታል፤ ዓመቱን ሙሉ ያሳደዱት ውሾች ጌቶች በዚያ ቀን ሩሩን እየተከተሉ አብረውት ይሮጣሉ። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በወርኀ ጽጌ ደግሞ የእሑድ ሌሊቶች ሁሉ በማኅሌት ይነጋሉ፤ ቀን የቈጠረው ቅኔም በሕዝብ ፊት የሚፈተነው እንዲህ ባለው ሌሊት ነው።

ይህን ኑሮ ማወቅ የሚወድ ሰው፥ መንግሥቱ ለማ ከአባቱ ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ሰምቶ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመውን የትዝታ መጽሐፍ ያንብብ። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም የቅኔ ትምህርት ተምረው ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተዋልና፥ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን የቅኔ ቤት ልጅ አድርገው የሣሉት ከሚያውቁት ነገር ተነሥተው ነው።

የጎጆው ቤት ሁሉ መልካም ነበር እንዳልል ግን ኅሊናዬ ይከለክለኛል። ረኃቡ፥ እከኩና ንዳዱ ብዙ ልጆችን ከትምህርት አስቀርቷል። ልቡና ይከፍታል ብለው አብሾ የሚባለውን መድኃኒት ጠጥተው አእምሮአቸው የተናወጠም ነበሩ። እነዚህን ነገሮች በዝማሬ ሸፍኖ የሚያልፍ ሰው እውነተኛ ታሪክ አልጻፈም።

ስለ አንዲት ዳቦ

በተማርሁበት ጉባኤ ቤት አንድ ሕግ ነበር። ከመንደር የተገኘው ሁሉ በአንድ ላይ ይፈስሳል፤ ከተማሪዎቹ የተመረጠው መጋቢ ያከፋፍላል፤ የታመመ ልጅ ሳይለምን ድርሻው ይወጣለታል። በአንድ ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ከማዶው መንደር ከለከለን። በዚያ ቀን አንዲት ሴት የጻድቃን መታሰቢያ ኖሯት ግማሽ ዳቦ ሰጠችኝ። እኔም ከአኩፋዳዬ ውስጥ ለይቼ፥ በደበሎዬ ሸፍኜ ገባሁና ከመደቤ ሥር ሸሸግሁት። የጎጆ ባልንጀራዬ ንዳድ ይዞት ከተኛ ሦስተኛው ቀኑ ነበር። ለእርሱ በድርሻው የደረሰው አንድ እፍኝ ቆሎ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ ቆሎ ማኘክ አይችልም።

ሌሊት እርሱ እንደ ተኛ ዐስቤ እጄን ወደ መደቡ ሥር ስሰድድ፥ በጨለማው ውስጥ «ዳቦው ይሻግታልና ብላው እንጂ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሽታውን ከማታ ጀምሮ ሰምቶት ኖሯል። ያን ጊዜ ዳቦውን አውጥቼ ብሰጠው ከሁለት ጕርሻ በላይ መዋጥ አልቻለም። ዝናሙ ባባራ ጊዜ ዘመዶቹ መጥተው ወሰዱት፤ ከዚያም አልተመለሰም። ኋላ በአገሩ አራሽ ሆኖ እንደ ኖረ ሰማሁ። ከእኔ ይልቅ የእርሱ ቅኔ ያምር ነበር። ዛሬ በናንተ ፊት ቆሞ ቅኔ የሚዘርፈው እርሱ መሆን ይገባው ነበር እላለሁ።

ነገሩን ለየኔታ በነገርኋቸው ጊዜ አርጩሜ አላነሡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ከነገ ጀምረህ መጋቢ ነህ» አሉኝ። እስከ ጥቅምት ድረስ የጓደኞቼን ቍራሽ ስቈርስ፥ የእያንዳንዱን ድርሻ በእጄ ስመዝን ኖርሁ። የመወድስን ምሥጢር የተማርሁት በጉባኤ ነው፤ የካህንነትን ምሥጢር ግን የተማርሁት በዚያች መጋቢነት ነው።

ስለ ደብረ ታቦር

የተማሪ ዓመት ሁሉ የሚፈጸመው በነሐሴ 13 ቀን፥ በደብረ ታቦር በዓል ነው። ቀኑ ከመድረሱ አስቀድሞ ተማሪዎች በየመንደሩ ዞረው «ስለ ደብረ ታቦር» እያሉ እህል፥ ጌሾና ብቅል ይለምናሉ። በዚያ ጊዜ የሚለመነው ለዕለት ጕርሥ አይደለምና የሰጠ ሁሉ አብዝቶ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጠላው ይጠመቃል፥ ዳቦው ይደፋል፤ ወራቱ ጾመ ፍልሰታ ስለ ሆነ ሥጋና ወተት የለበትም። በበዓሉ ቀን የኔታ በመካከል ይቀመጣሉ፤ የመንደሩ ሽማግሎችና ዓመቱን ሙሉ ቍራሽ የሰጡት እናቶች ተጠርተው ይመጣሉ። ተማሪውም ወገቡን ታጥቆ ያስተናግዳቸዋል። ከደጅዋ ቆሞ የለመናትን እመቤት እርሱ በተራው «ይግቡ እናቴ፥ ይቀመጡ» ይላታል፤ በጽዋው ይቀዳላታል፥ ቅኔም ይቀኝላታል።

በልጅነቴ ይህ በዓል ደስ የሚለኝ ስለ ዳቦው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ቀደምት አባቶቻችን ጥልቅ ነገር እንዳኖሩበት አያለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሲቀበል የኖረ ልጅ፥ ሰጪ የሚሆንበት አንድ ቀን ከሌለው ለማኝ ሆኖ ይቀራል። ያ አንድ ቀን ካለው ግን ባለ ዕዳ መሆኑን ያውቃል፤ ዕዳውንም የሚከፍልበትን መንገድ ይማራል።

ስለ ሸለቆአችን ልጆች

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የጻፍሁት የደጋውን ጎጆ ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ይህች ደብራችን ራሷ 50 ዓመት ሙሉ የቆሎ ተማሪ ሆና ኖራለች። በጎጃምና በጎንደር፥ በወሎና በሸዋ ደጅ ቆማ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብላ ቀዳሽ ለመነች፤ ሰጧት። መሪጌታ ለመነች፤ ሰጧት። እነዚያ በቍራሽ ያሳደጉን እናቶች የአዋሽን በረሓ ሳያዩ የአዋሽን ካህናት መገቡ። ኢዮቤልዩ ደግሞ ዕዳ የሚታሰብበት ዓመት ነው። እንግዲህ ይህ በዓል ደብረ ታቦራችን ይሁን፤ የለመንነውን ያህል የምንሰጥበት ቀን ይጀመር።

የደጋው ምንጭም እንደ ቀድሞው ሁልጊዜ እየፈሰሰ ይኖራል ብለን መዘናጋት አይገባንም። ዛሬ ልጅ በሌሊት ጠፍቶ ወደ ቅኔ ቤት የሚሄድበት ዘመን እያለፈ ነው። የሚያበላው ደጅም እየጠበበ ሄዷል፤ በከተማ የቆርቆሮ አጥር ሥር ቆሞ የሚጮኽን ተማሪ ድምፅ የሚሰማ ጥቂት ነው። በዚህ በሸለቆአችን ሙቀትማ ደበሎ ለብሶ በቀትር የሚለምን ልጅ ይታመማል እንጂ አይማርም። ስለዚህ ጎጆውን እንዳለ አውርደን እዚህ እንትከለው አልልም።

የምለው ይህ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አጠገብ ለጥቂት ልጆች የሚሆን አዳሪ ቤት እንሥራ። ልጆቹ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማሩ፤ ማታ ፊደሉን፥ ዳዊቱን፥ ዜማውንና ግሱን ከመምህር እግር ሥር ይቀበሉ። ምእመናን ከነዚህ ልጆች አንዱን በተራ ይመግቡ፤ ልጁም የሚመግቡትን እናትና አባት ስም ይወቅ። ንጹሕ ውሃና ሐኪም አይጕደልባቸው። ረኃቡን፥ አብሾውንና ውሻውን ለትናንት እንተውለት። ነገር ግን አራት ነገር አናስቀርባቸው፤ ቤታቸውን በእጃቸው መጥረግን፥ ማዕዳቸውን በአንድ ማፍሰስንና በመጋቢ መካፈልን፥ የወርኀ ጽጌን ሌሊትና የደብረ ታቦርን ግብዣ። በዚያ ግብዣ የአፋር ጎረቤቶቻችንም ይጠሩ፤ ዳቦና ቡና ይቅረብላቸው፤ እኛ ወደ አገራቸው በመጣን ጊዜ ውሃቸውን አልከለከሉንምና።

ይህ ነገር የማይሆን ሕልም እንዳይመስላችሁ ወደ ሰመራ ተመልከቱ። በ2000 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ማዕዘን ሁሉ ልጆችን ሰብስቦ በዚያ ሙቀት ያሳድራል። ክርስቲያኖቹ ተማሪዎች ከትምህርታቸው በኋላ በግቢ ጉባኤ ተሰብስበው ይጸልያሉ፥ ይዘምራሉ። እነርሱም የዘመኑ ቆሎ ተማሪዎች ናቸው፤ ከእናታቸው ቤት ርቀዋል፥ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ያድራሉ፥ የበዓል ቀን ሲደርስ ሆዳቸው ይባባል። በአዋሽ የምናቆመው ቤት ሲጠና፥ ለነዚህ ልጆች ግስና ዜማ የሚያስተምር ሰው ከዚሁ ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃው ከደጋ መጥቶ እዚህ ተቀዳ፤ ከዚህም አልፎ እስከ ሐይቁ ይድረስ።

እኔ ዕድሜዬ 50ን አልፏል፤ ዐይኔም ደክሟል። ስለዚያች ግማሽ ዳቦ የምከፍለው ዕዳ ገና አለብኝ። አዳሪ ቤቱ ቢሠራ የመጀመሪያው መምህር ልሁን ብዬ አልለምንም፤ መምህር ከእኔ የተሻለ ይገኛልና። ማታ ማታ የልጆቹን እንጀራ እየቈረስሁ የማካፍል መጋቢ ብታደርጉኝ ግን ይበቃኛል።